የሰይፉ ሰነድ፦ የቲፑ ሱልጣን ሰይፍ ከስሪራንጋፓትና እስከ ለንደን ጨረታ



እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2023 ለንደን ውስጥ ቦንሃምስ በተባለው የጨረታ ቤት አንድ ሰይፍ ለሽያጭ ቀረበ። ጨረታ ቤቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ሁለት ተጫራቾች በስልክ፣ አንዱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ተፎካከሩ። መዶሻው ሲያርፍ ዋጋው ከነኮሚሽኑ 14,080,900 ፓውንድ ሆነ። ሰይፉ የማይሶሩ ገዢ የቲፑ ሱልጣን ነበር። የገዢው ማንነት ግን አልተገለጸም።

እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ሁለት ስሜት ይሻማናል። አንዱ ኩራት ነው፤ የአንድ ሙስሊም ንጉሥ ሰይፍ የዓለምን ሀብታሞች አፎካከረ እንላለን። ሌላው ቁጭት ነው፤ እዚያ ምን ይሠራል እንላለን። ዛሬ ከሁለቱም ትንሽ ራቅ ብለን አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ አንድ ብረት 14 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣው በምኑ ነው?

▪️ ቲፑ ማን ነበር?

ቲፑ አባቱ ሃይደር ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1782 ሲሞት በደቡብ ህንድ የምትገኘውን የማይሶር መንግሥት ተረከበ። አባትና ልጅ ከእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጋር አራት ጦርነቶችን ተዋግተዋል። የማይሶር ሠራዊት በብረት ቀፎ የተሠሩ ሮኬቶችን ይተኩስ ነበር፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ኮንግሪቭ በኋላ ሮኬቶቹን ሲሠራ መነሻ የሆኑት እነዚህ ናቸው። ቲፑ ወደ 2,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ሕልሞቹን በገዛ እጁ በፋርስኛ ይመዘግብ ነበር፤ መዝገቡ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛል። ምልክቱ ነብር ነበር፤ በዙፋኑም፣ በመድፉም፣ በሰይፉም ላይ ነብር አለ።

ይህን ስንል ሌላውን ገጽ አንደብቅም። በኩርግና በማላባር ያሉ ማኅበረሰቦች ቲፑን የሚያስታውሱት በዘመቻው፣ በማፈናቀሉና ሰዎችን በግዳጅ ሃይማኖት በማስቀየር ክስ ነው። የካርናታካ ክልል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረውን የቲፑ የልደት በዓል በ2019 ሰርዞታል። በሌላ በኩል ከጣቱ ወጣ የተባለና «ራም» የሚል የሂንዱዎች አምላክ ስም የተጻፈበት የወርቅ ቀለበት በ2014 ለንደን ውስጥ በ145,000 ፓውንድ ተሽጧል። ታሪክ እኛ በምንፈልገው ልክ ተሰፍቶ አይመጣም።

▪️ ሜይ 4 ቀን 1799

የእንግሊዝ ጦር የቲፑን መዲና ስሪራንጋፓትናን ከብቦ ቆይቶ በዚያ ቀን ቅጥሩን ጥሶ ገባ። ጥቃቱን የመራው ዴቪድ ቤርድ ነበር። ይህ ሰው ከዓመታት በፊት በማይሶሮች ተማርኮ በዚያችው ከተማ ለ44 ወራት ታስሮ ነበር። ቲፑ በውጊያው ወደቀ፤ አስከሬኑ የተገኘው ሌሊት ላይ ከሬሳ ክምር መካከል ነው።

ከዚያ በኋላ ዝርፊያው ጀመረ። ወታደሩ ቤት ለቤት ገባ። በማግስቱ ሥርዓት እንዲያስከብር የተሾመው አርተር ዌልስሊ፣ በኋላ የዌሊንግተን መስፍን የተባለው፣ ጥቂት ዘራፊዎችን በስቅላት ቀጥቶ ወታደሩን አረጋጋ። ይህ ማለት ግን የቤተ መንግሥቱ ንብረት ተረፈ ማለት አልነበረም። ወታደሩ በየግሉ መዝረፉ ይቁም እንጂ ሠራዊቱ በሥርዓት መከፋፈሉ ቀጠለ። ለዚሁ የተሾሙ መኮንኖች ሀብቱን ቆጠሩ፣ ገመቱ፣ ሸጡ፣ ገንዘቡንም ከጄኔራሉ እስከ ተራው ወታደር በማዕረግ ደለደሉ። የወርቁ ዙፋን ለድልድል እንዲመች ተሰባበረ። መጻሕፍቱ ተወሰዱ፤ ቻርልስ ስቱዋርት የተባለ ምሁር ዝርዝራቸውን በ1809 ካምብሪጅ ውስጥ አሳትሟል።

በመኝታ ክፍሉ የተገኘው ሰይፍም ለቤርድ የጀግንነት ሽልማት ሆኖ ተሰጠ። በስለቱ ላይ በፋርስኛ «ሻምሺር-ኢ-መሊክ»፣ ማለትም «የንጉሥ ሰይፍ» የሚል ተጽፎበታል። እጀታው ላይ የአላህ ባሕሪያትና ልመናዎች በወርቅ ተከትበዋል። የስለቱ ቅርጽ ደግሞ የጀርመን ስለቶችን የተከተለ ነው። ከመነሻው የብዙ አገር እጅ ያረፈበት ዕቃ ነው።

▪️ ብረቱ ሳይሆን ሰነዱ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጥንታዊ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው በጨረታ መጽሔት ላይ መጀመሪያ የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ከሥዕሉ በታች ላለው ጽሑፍ ነው። ማን ያዘው? ከማን ወሰደው? ከዚያ ለማን አለፈ? በየትኛው ዓመት ተሸጠ? ይህ ዝርዝር ከተሟላ ዋጋው ይተኮሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያው ጨረታ ቤት ከቲፑ ጋር የተያያዙ 30 ዕቃዎችን ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሸጧል፤ የነብር ራስ ያለው አንድ ሰይፍ ብቻውን 2,154,500 ፓውንድ አውጥቷል። በ2019 ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ከጣሪያው ሥር ያገኘው የቲፑ ጠመንጃ 60,000 ፓውንድ ተሸጠ። ዋጋ የሰጠው ዕቃውን ያመጣው የኩባንያው መኮንን ስም መታወቁ ነው።

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል፦ ሰነድ። ሐዲስ ያለ ሰነድ አይመዘንም። እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እየተባለ ሰንሰለቱ እስከ ምንጩ ይቆጠራል። የጨረታ ቤቶችም የራሳቸው ሰነድ አላቸው። የሚፈሩትም የፈጠራ ዕቃ አለ። ለምሳሌ የኢስፋሃኑ ሰይፍ ሠሪ አሰዱላህ ስም የተቀረጸባቸው ስለቶች አንድ ሰው በዕድሜው ሊሠራቸው ከሚችለው በላይ በዝተው ይገኛሉ። ስሙ ዋጋ ስለሚጨምር ሌሎች ቀርጸውታል። የደቡብ ህንድ ብረት የሚታወቅበትን የውሃ ሞገድ የመሰለ መልክም ተራ ብረት ላይ በአሲድ የሚሥሉ ነበሩ። አዋቂ ሰብሳቢ ስለዚህ ጽሑፉን ከማመኑ በፊት ብረቱን፣ ብረቱን ከማመኑ በፊት ሰንሰለቱን ይመረምራል።

ነገር ግን በሁለቱ ሰነዶች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በሐዲስ ሰንሰለት ውስጥ ውሸታም ከተገኘ ዘገባው ይወድቃል። በጨረታው ሰንሰለት ውስጥ ግን ዘራፊ ሲገኝ ዋጋው ይጨምራል! «ከንጉሡ መኝታ ክፍል በድሉ ቀን የተወሰደ» የሚለው ቃል ዕቃው እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ያው ቃል ዕቃው በጉልበት ለመወሰዱም ምስክር ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሁለተኛውን ማንም አይጠይቀውም።

▪️ «ገዝተን እንመልሰው»

አንዳንድ ወንድሞች «የእኛ ባለሀብቶች ገዝተው ይመልሱት» ይላሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ የግል ሰው ንብረት ዋስትና የለውም። ህንዳዊው ባለሀብት ቪጃይ ማልያ የቲፑን ሰይፍ ከለንደን ጨረታ መግዛቱ በ2004 ሲሰማ ብዙ ህንዳውያን ተደስተው ነበር፤ በኋላ ግን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠቱ ተነገረ። ሁለተኛ፣ በገዛን ቁጥር ለቀጣዩ ሻጭ ገበያውን እናሞቅለታለን።

ሕጉም ቢሆን ግራ ያጋባል። በ2021 የእንግሊዝ መንግሥት ከተሰባበረው ዙፋን የቀረውንና 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተውን የወርቅ ነብር ራስ ከአገር እንዳይወጣ ለጊዜው አገደ። ምክንያቱ አገር ውስጥ ገዢ እንዲገኝለትና እዚያው እንዲቀር ነው። ከማይሶር ሲወጣ ያልተጠየቀ ፈቃድ ከለንደን ሲወጣ ተጠየቀ ማለት ነው።

ይህ የእንግሊዝ ብቻ በሽታ እንዳይመስለን። የፋርሱ ናዲር ሻህ በ1739 ዴልሂን ሲዘርፍና የፒኮክ ዙፋኑን ሲወስድ ወሳጁም ተወሳጁም ሙስሊም ነበሩ። መዝረፍ ዝርፊያ የሚሆነው የዘራፊው ሃይማኖት ከእኛ ሲለይ ብቻ አይደለም።

▪️ ከመቅደላ የምንማረው

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ያው የእንግሊዝ የምርኮ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ደርሷል። ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ የተወሰደው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ፤ ኤፕሪል 20 እና 21 በጨረታ ተሸጠ፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹ አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። እንግዲህ ጨረታው ከዝርፊያው በኋላ የመጣ ንግድ ሳይሆን የዝርፊያው ሁለተኛ እጅ ነበር።

«ቴዎድሮስ ወሎ ላይ ያደረሰው ይታወቃል፤ ለእሱ ቅርስ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የዘመቻው መራራ ትዝታ እውነት ነው። የኩርግ ሰዎችም ስለ ቲፑ እንዲሁ ይላሉ። ግን ቅርስ የንጉሡ የግል ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ያነጠረው፣ የጠለፈው፣ የጻፈው፣ ግብር የከፈለበት ሕዝብ ነው። ፍትሕም ለምንወደው ብቻ የምንሰጠው ስጦታ አይደለም።

ደግሞም መጠየቅ ይሠራል። በ2021 እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ የወጡ የመቅደላ ዕቃዎች የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከጠየቀ በኋላ ከሽያጭ ወጥተው ተመልሰዋል። በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታው ወጥቶ በዚያው ዓመት አገሩ ገብቷል። ሁለቱንም ያጋለጣቸው ዋጋ እንዲጨምር ተብሎ የተጻፈው «መቅደላ» የሚለው ቃል ራሱ ነው።

ስለዚህ ውድ ወንድምና እህቶች፣ በተለይ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በዓረብ አገራት ያላችሁ፤ ጥንታዊ ሰይፍ፣ ጋሻ ወይም የእጅ ጽሑፍ ለጨረታ ቀርቦ ስታዩ ከዋጋው በፊት ሰነዱን አንብቡ። ከአገሩ የወጣው በየትኛው ዓመት ነው? በሽያጭ፣ በስጦታ ወይስ በጦርነት? የመጀመሪያው ወሳጅ ማን ነው? ከ1868 እና ከእንግሊዝ መኮንን ስም ጋር የተያያዘ የኢትዮጵያ ዕቃ ካገኛችሁ ገጹን ፎቶ አንሱና ከሽያጩ ቀን በፊት ለኤምባሲያችን አሳውቁ። መዶሻው ካረፈ በኋላ ገዢው ስሙን ላይናገር ይችላል፤ ዕቃውም ዳግመኛ ላይታይ ይችላል።

ወላሁ አዕለም።