የእንግሊዝኛን ቃላት በያዟቸው ሆሄያት የመፈለግ ታሪክ

የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሥራውን በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ካካሄደ፣ «ባሮሜትር»ን በቢ፣ «ሃይግሮሜትር»ን በኤች፣ «ቴርሞሜትር»ን በቲ ሥር ያገኛቸዋል። ከአንዱ እስከ ሌላው የብዙ ወራት ሥራ ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እንዳለ ተውሶ፣ ሁለተኛውን «እርጥበት መጣኝ»፣ ሦስተኛውን «የሙቀት መለኪያ» ቢለው ሊደንቀን አይገባም፤ ሦስቱን በአንድነት የሚያሳየው ገጽ የለምና። ይህን ገጽ ለማግኘት ቃላትን በመነሻቸው ሳይሆን በውስጣቸው በያዟቸው ሆሄያት መፈለግ ያሻል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጥያቄውን እንዴት እንደመለሱት መመልከቱ ለሥራችን የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

ከቀደምቶቹ ሙከራዎች የታወቀው የጆን ዎከር ነው። ዎከር አስቀድሞ ተዋናይ፣ በኋላም የአነጋገር መምህር የነበረ ሰው ሲሆን፣ የሳሙኤል ጆንሰን ታላቅ መዝገበ ቃላት ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1775፣ ቃላትን በመድረሻቸው የደረደረበትን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ለቤት መምቻ፣ ለአጻጻፍና ለአነባበብ በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ሆሄው ለድምፁ ዋስ አይሆንም። «ባው» (የዛፍ ቅርንጫፍ)፣ «ኮፍ» (ሳል) እና «ዶው» (ሊጥ) ሲጻፉ ሦስቱም በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ያልቃሉ፤ በመድረሻ ሲደረደሩም ተከታትለው ይሰለፋሉ። ሲነበቡ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ቤት አይመታም። ሆሄን የሚፈልግና ድምፅን የሚፈልግ ሰው የተለያየ መጽሐፍ እንደሚያስፈልጋቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግልጽ ነበር ለማለት ይቻላል።

በ20ኛው መቶ ዘመን የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በማሳቹሴትስ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የእያንዳንዱን ቃል ሆሄያት ከኋላ ወደ ፊት በጽሕፈት መኪና አስመትተው ከ300,000 በላይ ካርዶች አከማቹ። የዚህን ድካም ብዛት ለመገመት አንድ ረጅም ቃል ወደ ኋላ ለመጻፍ መሞከር ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 በፊላደልፊያ የኤ. ኤፍ. ብራውን የግልብጥ ቃላት ዝርዝር በኮምፒዩተር ተሰናድቶ ወጣ፤ በ1971 ደግሞ ማርቲን ሌነርት ተመሳሳይ መዝገብ በላይፕሲግ አሳተመ። ለባዕድ መድረሻ ጥናት እነዚህ እጅግ ጠቃሚ ናቸው።

ነገር ግን የሚፈለገው ሆሄ በቃሉ መካከል ቢሆን፣ ወይም ሆሄያቱ ታውቀው ተራቸው ባይታወቅ፣ ከፊት መደርደርም ከኋላ መደርደርም አይረዳም። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ የሆነው ከሊቃውንት ይልቅ በጨዋታ ምክንያት ነው። አርተር ዊን ቃላት ወደ ጎንና ወደ ታች እየተሻገሩ የሚሞሉበትን ጨዋታ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በ«ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ካወጣ ወዲህ፣ የጎደለች አንዲት ሆሄ አያሌ አንባቢዎችን ስታስጨንቅ ኖራለች። ተራቸው ለተበተነ ሆሄያት የተገኘው መፍትሔ ግን ቀላል ነው፤ የቃሉን ሆሄያት ራሳቸውን በፊደል ተራ መደርደር። «ሊስን» (ማዳመጥ)፣ «ሳይለንት» (ጸጥተኛ)፣ «ኢንሊስት» (ለውትድርና መመዝገብ) እና «ቲንስል» (አብለጭላጭ የጌጥ ክር) ሲበተኑ አራቱም ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉ፤ በመሆኑም በአንድ ቁልፍ ሥር ይገባሉ። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው፣ ቃላቱን በእኛ ፊደል ስንጽፋቸው ይህ አንድነት መጥፋቱን ነው። በ«ሊስን» ውስጥ የምትጻፈው ቲ አትነበብምና ከእኛ አጻጻፍ ቀርታለች።

የሎጂክ ሊቁ ስቲቨን ክሊኒ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት ያቀረበው የሆሄያት ቅደም ተከተል መግለጫ ሥርዓት፣ በ1973 በኬን ቶምሰን እጅ «ግሬፕ» የተባለ የኮምፒዩተር መፈለጊያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወራት የፈጀው የካርድ ሥራ በቅጽበት ይፈጸማል። ሆኖም መሣሪያው የሚመልሰው በተሰጠው ዝርዝር ልክ ነው። ለዚህ ሥራ ከተስፋፉት ዝርዝሮች አንዱ ከ1934ቱ የዌብስተር 2ኛ እትም የተቀዳ ሲሆን፣ 234,936 ቃላት ይዟል፤ የስሞች የብዙ ቁጥር ግን በአብዛኛው የለበትም፤ ከ1934 በኋላ የተወለዱ ቃላትም የሉበትም። ዝርዝሩ ዝም ሲል ቋንቋው ዝም ያለ የሚመስለው ተርጓሚ አያሌ ነው።

ይህንኑ ፍለጋ ወደ አማርኛ ስናመጣው መልኩ ይለወጣል። «ሰበረ» እና «ስብራት» አንድ ዘር ናቸው፤ በጽሑፍ ግን አንድም የጋራ ምልክት የላቸውም። «ሊስን» እና «ሳይለንት» ደግሞ ሆሄያቸው አንድ ሆኖ ዝምድና የላቸውም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተለየ ቁጥር ስለተሰጠው፣ ግዕዙንና ሣድሱን የሚያዛምድ መመሪያ ካልተጨመረለት ማሽኑ ዘመዳሞቹን አያገናኝም፤ «ፀሐይ»ን የፈለገም «ጸሀይ»ን አያገኝም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን በዘራቸው የሰበሰቡት ለዚህ ፍለጋ የሚስማማ ሥራ ነው።

ወደ ተነሣንበት እንመለስና፣ የ«ሜትር»ን አምስት ሆሄያት ከእንግሊዝኛው ዝርዝር ብንፈልግ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር በአንድነት ይወጣሉ። «ፔሪሜትር»ም ይወጣል፤ እርሱ ግን መሣሪያ ስላልሆነ «መለኪያ» ሊባል አይችልም፤ የትምህርት ቤቱ «ዙሪያ» ይበቃዋል። ከእነርሱም ጋር «ሴሜተሪ»፣ ማለት መካነ መቃብር፣ አምስቱን ሆሄያት በመካከሉ ይዞ ይመጣል። ይህ ቃል ከግሪክኛው «መኝታ ቤት» የወረደ በመሆኑ ከመለካት ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ፣ በእጃችን ሠርዘነዋል።