የ1966 መስከረምና ያልተነበበው ትንበያ

አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ትንበያ ይጎርፋል። ኢኮኖሚው ይህን ያህል በመቶ ያድጋል፣ የዋጋ ንረቱ ይረግባል፣ ሰላምም ይሰፍናል ይባላል። እነዚህን አኃዞች ከማመናችን ወይም ከመናቃችን በፊት ወደ መስከረም 1966 ዓ.ም. መለስ ብሎ መመልከት ይበጃል።

በዚያ መስከረም አገሪቱን በአማካይ ለሚመዝን ሰው የሚያስደነግጥ ነገር እምብዛም አልነበረም። ኋላ፣ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ አማርትያ ሴን ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም። ወሎ ግን እየተራበ ነበር። ዋጋው ያልናረው እህል ስለተትረፈረፈ ሳይሆን፣ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል።

ምልክቱ አልተሰወረም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል። መንግሥት ግን ነገሩን መሸፈን መረጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ የተደበቀው ሁሉ ዓለም አወቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የአረብና የእስራኤል ጦርነት የነዳጅን ዋጋ አናረ። በጥር የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር አመፁ። በየካቲት መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ሥልጣን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የነዳጁን ዋጋ ማንም ከአዲስ አበባ ሆኖ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር ብዬ አልሞግትም። ረሃቡ ግን የትንበያ ጉዳይ አልነበረም፤ በዓይን የታየ፣ ነገር ግን እንዳይነገር የተፈለገ እውነት ነበር። መንግሥቱን የጎዳው የነገን አለማወቅ ብቻ ሳይሆን የዛሬን መደበቅም ነው።

ስለዚህ ዘንድሮም ሆነ ከርሞ የዕድገት አኃዝ ሲነገረን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ይህ አማካይ የትኛውን አውራጃ ሸፍኖብናል? የገበያው ዋጋ የረጋው እህል ስላለ ነው ወይስ ገዢ ስለጠፋ? ያየውን እንዳይናገር የተከለከለስ ማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ትንበያ ከበዓል ምኞት አይለይም።