ከእህል በረንዳ እስከ አምባሰል

ስለ ረሃብ ሲወራ ለሁላችንም ቀድሞ የሚታየን ዝናብ ነው። ዝናቡ ቀረ፣ አዝመራው ደረቀ፣ ሰው ተራበ፤ በቃ። እኛ ግን ልናነሳ የፈለግነው የእህልን መንገድ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ከመርካቶ፣ ከእህል በረንዳ እንነሳ።

በንጉሡ ዘመን እህል በረንዳ ማለት የአዲስ አበባ ጎተራ ማለት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተጫነው ጤፍ፣ ስንዴና ማሽላ እዚያ ይራገፋል፤ ኩሊውና አህያው ተጋግዘው ወደየወፍጮ ቤቱና ወደየሰፈሩ ያዳርሱታል። ሰሜኑን ከዚህ ገበያ ጋር ያገናኘው ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው መንገድ ነው፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ይገባል። መርካቶም ስሟን ያገኘችው በዚያው በጣሊያን ጊዜ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ይህ መንገድ አልተዘጋም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው! አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ድህነትና ረሃብ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። እንዴት ሆኖ? ገበሬው አዝመራውም ከብቱም አልቆበት መግዣ አጣ። መግዣ ያለው መርካቶ ነው፤ እህሉም ወደ መርካቶ ሄደ። ነጋዴውን መስደብ ቀላል ነው፤ እሱ ግን የሠራው የሁልጊዜ ሥራውን ነው። የራሱን ሥራ ያልሠራው ረሃቡን የደበቀው መንግሥት ነበር።

ሰዉስ? እህሉ በሄደበት አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ ተቀመጠ፣ አላፊ አግዳሚውን መኪና እያስቆመ ለመነ። ረሃቡን መደበቅ ያቃተውም በዚህ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ተማሪው አየ፤ በጥቅምት 1966 ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም እንግሊዝ አገር አየው። የእርዳታ ጣቢያዎቹም በመንገዱ ዳር ዳር ተተከሉ።

ታዲያ መንገድ ዳር መድረስ ያቃተው ምን ይሁን? አምባሰል ላይ ግሸን ማርያም አለች። መስከረም 21 ቀን ስንቱ የአዲስ አበባ ሰው ስለቱን ይዞ ያንን አቀበት ይወጣል! የወሎ ገዳምና መንደር ብዙው እንዲህ ነው፤ መኪና የሚቆምበትና ሰው የሚኖርበት አይገናኝም። እስቲ እናስላው። 20 ቶን የጫነ ተሳቢ መንገድ ዳር ሲያራግፍ 200 ኩንታል ነው። አህያ የምትችለው ግማሽ ኩንታል ያህል ነው። እንግዲህ የአንዱን መኪና ጭነት አቀበት ለማውጣት 400 አህያ ያስፈልጋል። አህያዋ ደግሞ በድርቅ ጊዜ ወይ ሞታለች፣ ወይ ተሸጣለች።

በ1977 ዓ.ም. ይኸው ሒሳብ አውሮፕላን አስመጣ። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ የኮረምን ሕዝብ ካሳየ በኋላ የእንግሊዝ ሄርኩሊስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል መጡ። መጀመሪያ በየአየር ማረፊያው ያራግፉ ነበር፤ በኋላ ግን መንገድ በሌለበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ ጆንያ በጆንያ የተደረበበትን እህል ያለ ጃንጥላ ይጥሉ ጀመር። በዚህ ሥራ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ያግዟቸው ነበር። የኔቶና የዋርሶ ጦር በዚያ ዘመን ለአንድ ጆንያ ሲተባበር ያየነው ሸዋና ወሎ ገደል ላይ ነው። ጦርነቱ ግን አልቆመም፤ በአማጽያን እጅ ወደነበረው ገጠር እህሉ የሚገባው ከሱዳን ወገን ነበር፣ ያውም መኪናው አውሮፕላን ፈርቶ በሌሊት እየተጓዘ።

ዕቃው ግን ወደ ከተማ መመለሻ አላጣም። የለጋሽ አገር ስም የተጻፈበት ባዶ ጆንያና የዘይት ቆርቆሮ እየተሰበሰበ መርካቶ ወርዷል፤ ቆርቆሮውም ምን አለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ምድጃና ኩራዝ ሆኗል።