የድህነት ደብዳቤ

በሃይማኖት ተቋማት ሥር ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች አቅም ላነሳቸው ወላጆች ክፍያ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዴም ጨርሰው ይተዋሉ። ደግ ነገር ነው። ታዲያ ወላጁ አስቀድሞ ድሃ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ የደሞዝ ማስረጃ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ይባላል። ነገሌ ቦረና ወይም ያቤሎ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የከብት አርቢ ሀብት በረት ውስጥ እንጂ ደሞዝ መክፈያ መዝገብ ላይ የለም። ጥቅምት ላይ ባለጸጋ የነበረው መጋቢት ላይ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ ቦረና ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ተማሪን መደገፍ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪውን እናውቀዋለን፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል (የውሻው ጉዳይ ሌላ ነው)። እኔን የሚገርመኝ ልመናው ሳይሆን የለማኙ ማንነት ነው። የባላባት ልጅም የጭሰኛ ልጅም እኩል ይለምናል፤ ለምኖ መማር ትሕትና ነዋ! ስለዚህ ቁራሽ የምትሰጠው እመቤት «አባትህ ስንት በሬ አለው?» ብላ አትጠይቅም። የወሎው ደረሳም የመንደሩን እህል እየበላ ነው ቂርአቱን የቀራው። ከጓደኞቹ ተለይቶ «ይሄ ድሃ ነው» ተብሎ አልተጻፈበትም።

ቦረናዎች ደግሞ ማጣራቱን ራሳቸው ያውቁበታል። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ከብቱ በድርቅ ወይም በዘረፋ ያለቀበት ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል፤ ጎሳው መክሮ ከብት ያዋጣለታል። ዝም ብሎ አይታደልም፤ ሰውዬው ሀብቱን እንዴት እንዳጣ ይታያል። ግን የሚያጣሩት በረቱን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የሚሰጠውም ነገ ጠያቂ ሊሆን እንደሚችል አይጠፋውም። ተቀባዩ የጎሳው አባል ስለሆነ ይገባዋል፤ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሌላ መልክ ይዞ መጣ። የ1936ቱ ደንብ ሚሲዮኖች የሚሠሩበትን አካባቢ ከለየ በኋላ፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሲዳሞ ገባ። ቦረናም ያኔ በዚያው ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ገንዘቡን የሚያዋጣው ባሕር ማዶ ያለ ምእመን ነው፤ ሰጪና ተቀባይ አይተያዩም። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። ከ1983 በኋላ የግል ትምህርት ቤት ሲመለስ ወርሃዊ ክፍያው አብሮ መጣ፤ የድህነት ደብዳቤውም ተከተለ።

ነገሌ ስለ ማጣራት የራሷ ታሪክ አላት። ጥር 1966 ላይ የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ምክንያት ሲያምፁ፣ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። እኔ የትምህርት ቤት ኮሚቴ በረት ውስጥ ይደር አልልም። በረቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ከኮሚቴው ጋር ቢቀመጥ፣ ከደሞዝ ማስረጃው ይልቅ የእሱ ቃል ቢሰማ፣ ክፍያውም ከብት የሚሸጥበትን ወራት ቢጠብቅ ምን ይጎዳል? የተረጂዎቹ ስም ዝርዝርም ሒሳብ ክፍል ይቀመጥ። ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚጠራ ከሆነማ፣ ልጁ በማግስቱ ከብት ጥበቃ ቢሄድ አይፈረድበትም።