የቺካጎ መምህራንና የግብሩ መዝገብ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ ስለ ጦረኛና ስለ ገበሬ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ጠመኔና መጽሐፍ ብቻ ይዘው፤ በአንዲት ታላቅ ከተማ ከታላላቅ ባለጸጎች ጋራ ተሟግተው የረቱ የሴቶች መምህራን ታሪክ አለ። ይኸውም በአሜሪካ አገር፤ በኢሊኖይ ግዛት፤ በቺካጎ ከተማ የሆነው ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ ዘመን ቺካጎ እጅግ ፈጥነው ካደጉት የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ነበረች። ከአየርላንድ፤ ከጀርመን፤ ከፖላንድና ከሌላም አገር የፈለሱ ድሆች በፋብሪካና በከብት ማረጃው ሰፈር እየሠሩ፤ ልጆቻቸውን ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት ይሰዱ ነበር። በአንድ ክፍል 50ና 60 ሕፃናት ይታጨቃሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚማሩበትን የእንግሊዝ ቋንቋ አያውቁም። የታችኛውን ክፍል የሚያስተምሩት መምህራን አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ደመወዛቸው ለብዙ ዓመታት ሳይጨመር ቆይቶ፤ ረጅም ጊዜ ያገለገለችው እንኳ በዓመት ከ825 ዶላር የበለጠ አታገኝም ነበር።

በ1897 እነዚህ መምህራን የጡረታቸውን ሕግ ለመጠበቅ ተሰብስበው የቺካጎ መምህራን ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ ሁለቱ ወይዘሪት ካትሪን ጎጊንና ወይዘሪት ማርጋሬት ሄይሊ ነበሩ። ወይዘሪት ሄይሊ በ1861 ከአየርላንዳውያን ቤተ ሰብ ተወልደው፤ ገና በወጣትነታቸው ማስተማር ጀምረው፤ በከብት ማረጃው ሰፈር የድሆችን ልጆች ሲያስተምሩ ብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ጕድለት የሚያውቁት በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው ነበር።

በ1898 የከተማው የትምህርት ቦርድ ለመምህራኑ የደመወዝ ጭማሪ ፈቀደ። ጥቂት ቆይቶ ግን ገንዘብ የለም ብሎ የሰጠውን ቃል አጠፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያጕረመርማል፤ ወይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ወይዘሪት ጎጊንና ወይዘሪት ሄይሊ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ይህች ከተማ እንዲህ ባለጸጋ ሆና ሳለ የትምህርት ቤቶቿ ሣጥን ባዶ የሆነው ስለ ምንድር ነው? አሉ። መልሱንም ለመፈለግ ወደ ግብር መዝገብ ሄዱ።

በመዝገቡ ያገኙት ነገር እነሆ። በከተማይቱ የሚሠሩ የትራም፤ የጋዝ፤ የኤሌክትሪክና የስልክ ኵባንያዎች የሕዝብን መንገድ የመጠቀም ልዩ ፈቃድ ነበራቸው። የኢሊኖይ ሕግ ይህ ፈቃድ ራሱ እንደ ሀብት ተገምቶ ግብር እንዲከፈልበት ያዝዛል። ገማቾቹ ግን ይህን ትልቅ ሀብት ሳይቈጥሩ አልፈውት ነበር። አንድ ምስኪን ለጎጆው ግብሩን ሲከፍል፤ ሚሊዮን የሚቈጠርለት ኵባንያ ከዚህ ሀብቱ ነፃ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚህ ግብር አንዱ ክፍል ለትምህርት ቤቶች የሚደርስ ስለ ነበረ፤ ጕዳቱ በመጨረሻ የወደቀው በሕፃናቱ ላይ ነው።

ወይዘሪት ሄይሊ በ1900 የማስተማር ሥራቸውን ትተው፤ ጊዜያቸውን ሁሉ ለማኅበሩ ሰጡ። ማኅበሩ አስቀድሞ ለግዛቱ የግብር ገማቾች ጉባኤ አመለከተ፤ ጉባኤውም አልሰማም። ከዚህ በኋላ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1901 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉባኤው የኵባንያዎቹን ፈቃድ መገመት ግዴታው ነው ሲል ፈረደ። ኵባንያዎቹ ወደ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብለው ግብሩን ብዙ ቢያስቀንሱም፤ ወደ 600 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተገደዱ። ከዚህም ውስጥ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋው ለትምህርት ቤቶች ደረሰ።

ነገር ግን ሙግቱ በዚህ አላለቀም። ቦርዱ ገንዘቡን በተቀበለ ጊዜ ለመምህራኑ የገባውን ቃል ትቶ፤ ለድንጋይ ከሰል ዕዳና ለቤቶች ማደሻ አዋለው። እዚህ ላይ የቦርዱን ነገር እንዲያው ማቃለል አይገባም፤ የቺካጎ ክረምት ብርቱ ስለ ሆነ፤ ሕፃን በብርድ እየተንቀጠቀጠ መማር አይችልምና። ሆኖም ከሰሉ የተገዛበት ገንዘብ የተገኘው መምህራኑ ደክመው ስለ ፈለጉት ነው። ቃል የሰጠ ሰውም ገንዘቡ በተገኘ ጊዜ ቃሉን መፈጸም አለበት። መምህራኑ እንደ ገና ከሰሱ፤ በ1904 ዳኛው ኤድዋርድ ደን ፈረዱላቸው። እኒሁ ዳኛ በማግሥቱ ዓመት የቺካጎ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

በዚህ መካከል በ1902 ማኅበሩ ከከተማይቱ የሠራተኞች ማኅበራት ጋራ ተባበረ። ብዙ ሰዎች የተማረች ሴት ከቀን ሠራተኛ ጋራ መቀመጧ ነውር ነው ብለው ተቹ። መምህራኑ ግን ምክንያት ነበራቸው። ሴቶች በዚያ ጊዜ ከንቲባ ለመምረጥ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ድምፅ ያላቸው ሠራተኞች ደግሞ የተማሪዎቹ አባቶች ነበሩ። ስለዚህ መምህሩና ወላጁ በአንድ ገበታ ተቀመጡ። በ1904 ወይዘሪት ሄይሊ በሴንት ሉዊስ ከተማ በመላው አገር መምህራን ጉባኤ ፊት ቆመው፤ የክፍሎችን መጣበብ፤ የደመወዝን ማነስ፤ የሥራን ዋስትና ማጣትና ትምህርት ቤት እንደ ፋብሪካ መቈጠሩን ነቅፈው ተናገሩ። ከ1913 ጀምሮም የሠራተኛን ልጆች ለይቶ በሌላ አስተዳደር ሥር ወደ እጅ ሥራ ትምህርት ብቻ የሚሰድ ሕግ በቀረበ ጊዜ፤ መምህራኑና ሠራተኞቹ አብረው ተቃውመው አስቀሩት።

እንዲህ ያለ ኀይል ጠላት ማፍራቱ አልቀረም። በ1915 የትምህርት ቦርዱ መምህራን ከሠራተኞች ጋራ በተባበረ ማኅበር እንዳይገቡ ከለከለ። በ1916 ደግሞ 68 መምህራን ሥራቸውን አጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የማኅበሩ አባሎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የልዩ ልዩ ከተማ መምህራን በቺካጎ ተሰብስበው የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን የተባለውን ታላቅ ማኅበር መሠረቱ። የቺካጎዎቹ ግን የተባረሩት ጓደኞቻቸው እንዲመለሱ ሲሉ፤ በ1917 ከሠራተኞች ማኅበር ወጡ። ያን ዓመት የወጣው የግዛቱ ሕግ ለመምህራን የሥራ ዋስትና ሰጠ። ስለዚህ ዋስትናውን ያገኙት ኅብረታቸውን ከፍለው ነው።

የፈተናው ብርቱ ዘመን በ1930ዎቹ መጣ። ንግድ በወደቀ ጊዜ ከተማይቱ ደመወዝ መክፈል አቃታት። መምህራኑ ወራት ያለ ደመወዝ ዋሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በገንዘብ ፈንታ ነጋዴ በሙሉ ዋጋው የማይቀበለው የተስፋ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ቢሆንም ክፍላቸውን አልዘጉም። ከዚያም አልፈው ሳይበሉ ለሚመጡ በሺህ ለሚቈጠሩ ሕፃናት ከራሳቸው ኪስ አዋጥተው ምሳ ያበሉ ነበር። በ1933 ጸደይ በብዙ ሺህ ሆነው በከተማይቱ መንገድ ወጥተው፤ ወደ ታላላቆቹ ባንኮች ሄደው ገንዘባቸውን ጠየቁ። ውዝፉ በ1934 ከፌዴራሉ መንግሥት በተገኘ ብድር ተከፈላቸው። ተለያይተው የነበሩት ማኅበሮች አብዛኞቹም በ1937 ተዋሕደው የቺካጎ መምህራን ማኅበር ሆኑ። ወይዘሪት ሄይሊ በ1939 ዐረፉ።

መምህር ስለ ደመወዙ ሲከራከር ለሆዱ ነው የሚል ሰው በየአገሩ አይጠፋም። በእውነትም መምህር ሰው ነውና ለሆዱም ያስባል። የቺካጎ ታሪክ ግን የመምህሩ እንጀራና የተማሪው ወንበር ከአንድ ሣጥን እንደሚወጡ ያሳያል። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሁለቱ አብረው ይራባሉ። ሣጥኑን ማን እንዳጐደለው የሚመረምር ሰው ሲነሣ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ። እነዚያ ሴቶች መዝገቡን ገልጠው ባያነቡ ኖሮ፤ ለደመወዝም ለከሰልም የሚሆን ያ ገንዘብ ባልተገኘ ነበር። ሕፃናትን ማንበብ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና፤ ሌላው ሳያነብ ያለፈውን መዝገብ እነርሱ አነበቡት።