ሰባት ዓመት የተፈረደባት ሜሪ

የእንግሊዝን የግዞት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ገዥዎቹንና መርከቦቹን ትቶ አንዲት የባሕርተኛ ልጅ ላይ ያርፋል። ሜሪ ብሮድ ትባላለች፤ የኮርንዎል ተወላጅ ናት። በ1786 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና መንገድ ላይ የአንዲትን ሴት የሐር ቆብና ሌላ ዕቃ ቀማች። ስቅላት ተፈረደባት፤ ቆይቶም ቅጣቱ ወደ ሰባት ዓመት የባሕር ማዶ ግዞት ተለወጠላት።

አሜሪካ ነጻ ከወጣች ወዲህ እንግሊዝ ወንጀለኞቿን የምትጥልበት አጥታ ነበር። አዲሱ መጣያ አውስትራሊያ ሆነ። በግንቦት 1787 ከተነሡት 11 መርከቦች ቻርሎት በተባለችው ላይ ሜሪ ተጫነች። እጉዞው ላይ ሴት ልጅ ተገላግላ በመርከቧ ስም ጠራቻት። ሲድኒ ላይ ዊልያም ብራያንት የተባለ ዓሣ አጥማጅ እስረኛ አገባችና ኢማኑኤልን ወለደች።

ቅኝ ግዛቱን ረኃብ ያዘው። ዊልያም የመንግሥት ዓሣ ደብቆ ሸጠ ተብሎ 100 ጅራፍ ተገረፈ። የእስረኞቹን የፍርድ ዘመን የሚያሳየው መዝገብ ከመርከቦቹ ጋር አልተላከም ነበርና፣ ቅጣቴን ጨረስኩ የሚል ሰው ማስረጃ አልነበረውም። መጋቢት 28 ቀን 1791 ሌሊት ባልና ሚስቱ፣ ሁለቱ ሕፃናትና ሰባት እስረኞች በገዥው ጀልባ አመለጡ። በ69 ቀን 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቀዝፈው የሆላንዶች ይዞታ ከነበረችው ኩፓንግ፣ ቲሞር ደሴት ደረሱ።

መርከብ ሰጥሞብን ነው ቢሉም ማንነታቸው ታወቀ፤ ተያዙ። ታኅሣሥ 1791 ባታቪያ ላይ ኢማኑኤል ሞተ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቱ ተከተለው። ቻርሎት ደግሞ ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ በግንቦት 1792 አረፈችና ባሕር ውስጥ ተቀበረች። ሜሪ ለንደን፣ ኒውጌት ወኅኒ ቤት የገባችው ብቻዋን ነው።

ደራሲው ጄምስ ቦዝዌል ደጅ ጠናላት። ግንቦት 1793 ምሕረት ተደረገላት። ይህን ስንሰማ መንግሥት ራራላት እንላለን። እኔ ግን ቀኑን እቆጥራለሁ። የተፈረደባት መጋቢት 1786 ስለነበር ሰባቱ ዓመት ያለቀው መጋቢት 1793 ነው። እንግዲህ ምሕረቱ የመጣው ቅጣቷን ከፈጸመች ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው ማለት ነው። ሕጉ የጠየቀውን ሁሉ ከፍላለች፤ ሕጉ ያልጠየቃትን ሁለት ልጆችና አንድ ባል ግን ማንም አልመለሰላትም።

ቦዝዌል በዓመት 10 ፓውንድ ቆረጠላትና ወደ ኮርንዎል ተመለሰች። ከእርሷ የተቀበለው፣ ግዞተኞቹ እንደ ሻይ አፍልተው ይጠጡት የነበረ ጥቂት የአውስትራሊያ ደረቅ ቅጠል ከወረቀቶቹ መካከል ተገኝቷል። ያን ሁሉ ባሕር ሁለቴ ካቋረጠችው እናት እጅ የቀረልን ይኸው ነው።