የሊበራሎች ሬዲዮ በአሜሪካ ገበያ ለምን አልዘለቀም?

በአሜሪካ ከተሞች መኪና እየነዳ ኤኤም ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ። አንድ ሰው ለሦስት ሰዓት ያህል ስለ ፖለቲካ ይናገራል፤ አድማጮች ስልክ ይደውላሉ፤ ከደዋዮቹም አብዛኞቹ የሚደውሉት ለመከራከር ሳይሆን ለመስማማት ነው። ተናጋሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወግ አጥባቂ ነው። ይህ የሥርጭት ዓይነት "ቶክ ሬዲዮ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሴንተር ፎር አሜሪካን ፕሮግረስና ፍሪ ፕሬስ የተባሉ ሁለት ድርጅቶች፣ አምስቱ ትልልቅ የንግድ ሬዲዮ ኩባንያዎች በያዟቸው 257 የዜናና የቶክ ጣቢያዎች ላይ ጥናት አድርገው ነበር። በሥራ ቀናት ከሚተላለፈው የፖለቲካ ንግግር 91 በመቶው የወግ አጥባቂዎች፣ 9 በመቶው ብቻ የሊበራሎች ሆኖ አገኙት። አጥኚዎቹ ራሳቸው ወደ ግራ የሚያዘነብሉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ቁጥሩን ግን ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ በጆሮው ሊመዝነው ይችል ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ከ1992 እስከ 2020 በተካሄዱት ስምንት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ዲሞክራቶች በሰባቱ ከሪፐብሊካኖች የበለጠ የሕዝብ ድምፅ አግኝተዋል። መራጭ ካለ አድማጭ አለ ማለት ነው። አድማጭ ካለ ደግሞ ማስታወቂያ አለ። ታዲያ ሬዲዮው ለምን ጠፋ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። የቀኙ ወገን "ገበያው ፈረደ፤ ሸቀጡ አልተፈለገም" ይላል። የግራው ወገን ደግሞ "ባለሀብቶቹ በሩን ዘጉብን" ይላል። እኔ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው ባይ ነኝ። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከኤኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት እየገዙ በአማርኛ ፕሮግራም ያስተላልፋሉ፤ በአዲስ አበባ ኤፍኤሞችም ተባባሪ አዘጋጆች ሰዓት ገዝተው ስፖንሰር ፍለጋ ሲሯሯጡ እናያለን። ሐሳብ በማስታወቂያ ገንዘብ ሲኖር ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለሁላችንም ነው።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

ከሕጉ ልጀምር። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1949 "ፌርነስ ዶክትሪን" የተባለውን የሚዛናዊነት መርህ አወጣ። መርሁ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ የሕዝብ ጉዳዮችን እንዲያነሡ፣ ሲያነሡም ተቃራኒ አመለካከቶችን እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ ነበር። መሠረቱ የሞገድ እጥረት ነው። ሞገዱ የሕዝብ ነው፣ ቁጥሩም የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ ያገኘ ሰው እንደ አደራ ተቀባይ ይቆጠራል።

መርሁ በፍርድ ቤት የተፈተነው በታዋቂው የሬድ ላየን ጉዳይ ነው። በ1964 በፔንስልቬንያ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ጣቢያ ላይ ቢሊ ጄምስ ሃርጊስ የተባሉ ሰባኪ ፍሬድ ኩክ የተባለውን ጸሐፊ በስም ጠርተው ወረፉት። ጸሐፊው የመልስ ጊዜ በነፃ ይሰጠኝ አለ፤ ጣቢያው እምቢ አለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 ስምንት ዳኞች ያለ ተቃውሞ ለጸሐፊው ፈረዱ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ከጣቢያው ባለቤት መብት ይልቅ የአድማጩና የተመልካቹ መብት ይቀድማል የሚል ነበር።

በሬገን ዘመን ነፋሱ ተቀየረ። ኮንግረስ በ1987 መርሁን በሕግ ለማጽናት ያወጣውን ረቂቅ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ አደረጉት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ኮሚሽኑ መርሁን ሻረው። በ2011 ደግሞ ከደንብ መጽሐፉ ጨርሶ ተሰረዘ።

ብዙ ሊበራሎች የችግሩን ሁሉ ምንጭ ከዚህ ይስቡታል። ነገር ግን የመርሁ መሻር የሚያስረዳው አንድ ጣቢያ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ወገን ብቻ መናገር የተፈቀደለት ለምን እንደሆነ ነው። ያ ወገን ለምን ቀኝ እንደሆነ አያስረዳም። በሩ ለሁለቱም ተከፍቶ ነበር፤ ቀድሞ የገባው ግን አንዱ ነው።

ባዶው ቤትና የመጀመሪያው ተከራይ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሙዚቃ ጥራት ወዳለው ኤፍኤም ፈለሰ። ኤኤም ጣቢያዎች ባዶ ቤት ሆነው ቀሩ። ለንግግር ግን የድምፅ ጥራት ብዙም አያሳስብም፤ የኤኤም ሞገድም ሩቅ ይደርሳል። እስከ 50 ሺህ ዋት የሚያሠራጩት ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሌሊት በብዙ ክፍለ ግዛቶች ይሰማሉ።

በዚህ ባዶ ቤት ነሐሴ 1988 ራሽ ሊምቦ ገባ። ሊምቦ ፖለቲከኛ አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ በሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት የኖረ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከሥራ የተባረረ፣ ድምፁን፣ ዝምታውንና ቀልዱን መጠቀም የሚያውቅ የሬዲዮ ሰው ነበር። የንግድ ዘዴውም ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ ለጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል፤ በምትኩ በየሰዓቱ የተወሰኑ የማስታወቂያ ደቂቃዎች የአሠራጩ ይሆናሉ። ለከሰረ ኤኤም ጣቢያ ይህ የማይገኝ ዕድል ነበር፤ አቅራቢ ሳይቀጥር የቀኑን ሦስት ሰዓት ሞላ። ከ50 በላይ በሆኑ ጣቢያዎች የተጀመረው ፕሮግራም በኋላ ወደ 600 ደረሰ። በ2008 ሊምቦ የፈረመው የስምንት ዓመት ውል 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ ተዘግቧል። በየካቲት 2021 እስኪሞት ድረስ የሚስተካከለው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በእሱ ዙሪያ የተገነባ ነው። የጣቢያ ሥራ አስኪያጆች አንድ ጣቢያ አንድ ጣዕም ሊኖረው ይገባል ብለው ያምናሉ። ሊምቦን የሚወድ አድማጭ ቀጥሎ ሊበራል ተናጋሪ ሲመጣ ጣቢያ ይቀይራል፤ ስለዚህ ከሊምቦ በፊትም በኋላም እሱን የሚመስል ይሰለፋል። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደግሞ አንድ ኩባንያ በመላ ሀገሪቱ ሊይዝ በሚችለው የጣቢያ ብዛት ላይ የነበረውን ገደብ አነሣ። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ሰበሰበ። የሊምቦን ፕሮግራም የሚያሠራጨው ድርጅትም የዚሁ ኩባንያ ንብረት ሆነ። ሊበራሎች ሲነቁ ጠንካራው ሞገድ ሁሉ ተይዞ ነበር።

ኤር አሜሪካ፦ ካፒታል የሌለው ተስፋ

ቀደም ያሉት ሙከራዎች በነጠላ ሰዎች ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴክሳሱ ጂም ሃይታወርና የኒውዮርክ አገረ ገዢ የነበሩት ማሪዮ ኩዎሞ በየተራ ሞክረው አልዘለቁም። ኩዎሞ አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ንግግር ማድረግና ሬዲዮ መሥራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ትልቁ ሙከራ መጋቢት 31 ቀን 2004 የተጀመረው ኤር አሜሪካ ነው። ኮሜዲያኑ አል ፍራንከን፣ ተዋናይቷ ጃኒን ጋሮፋሎ፣ የሬዲዮ ሰዋ ራንዲ ሮድስና ያኔ ብዙም የማትታወቀው ሬቸል ማዶው ተሰለፉ። ሊምቦ በአንድ ፕሮግራም ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲያድግ፣ ኤር አሜሪካ ከጧት እስከ ማታ የሚሞላ ሙሉ ኔትወርክ ሆኖ ተነሣ። ወጪው በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ገቢው ግን ገና አልተወለደም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ በክፍያ ጭቅጭቅ ምክንያት ከሎስ አንጀለስና ከቺካጎ አየር ወረደ። በ2005 ደግሞ በኒውዮርክ ብሮንክስ ከሚገኝ የልጆችና የወጣቶች በጎ አድራጎት ድርጅት 875 ሺህ ዶላር ወደ ኔትወርኩ መተላለፉ ይፋ ወጣ። ለድሆች ቆሜያለሁ ለሚል ጣቢያ ከዚህ የከፋ ዜና አልነበረም።

በኒውዮርክ የተከራየው ጣቢያም ደብልዩ ኤል አይ ቢ ለረጅም ጊዜ የጥቁሮችና የካሪቢያን ተወላጆች መነጋገሪያ የነበረ ነው። ለሊበራሎች መድረክ ለመክፈት ሲባል ሌላ መድረክ ተዘጋ።

ጥቅምት 2006 ኔትወርኩ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አሳወቀ። በ2007 በ4.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጥር 2010 ጨርሶ ዝም አለ። "ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ" ይባላል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ግን በሰማይ ያለው ሞገድም አይበቃም።

ይህ ሁሉ የአስተዳደር ጉድለት እንጂ የሐሳብ ጉድለት እንዳልሆነ ማስረጃ አለ። ከሰሜን ዳኮታ የተነሣው ኤድ ሹልትዝ፣ ኮሜዲያኗ ስቴፋኒ ሚለርና ቶም ሃርትማን ከኤር አሜሪካ መዘጋት በኋላም በአየር ላይ ቀጥለዋል። በሳን ፍራንሲስኮ ኬጂኦ፣ ብዙ ሊበራል ተናጋሪዎች የነበሩት ባለ 50 ሺህ ዋት ጣቢያ፣ ለአሥርተ ዓመታት በከተማው በአድማጭ ብዛት አንደኛ ነበር። ከመሸጡ በኋላ ግን አዲሱ ባለቤት በ2011 መጨረሻ አብዛኞቹን ተናጋሪዎች አሰናበተ። ክሊር ቻናልም ራሱ በፖርትላንድ ከተማ ጣቢያውን ለሊበራል ቶክ ሰጥቶ ጥሩ አድማጭ አግኝቶ ነበር፤ በ2012 ግን ጣቢያውን ወደ ስፖርት ለወጠው። ስለዚህ "በሩ ተዘጋ" የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ሊከፈት ይችል ነበር፤ ሆኖም ለባለቤቱ ስፖርት ይቀለዋል።

ከፋዩ ማነው?

የችግሩ እምብርት ማስታወቂያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የንግድ ሬዲዮ ለአድማጭ ፕሮግራም የሚሸጥ ይመስለናል። እውነቱ ግን አድማጩን ለአስተዋዋቂ መሸጡ ነው። በ2006 የኤቢሲ ሬዲዮ ማስታወሻ ይፋ ሲወጣ፣ ወደ 90 የሚጠጉ አስተዋዋቂዎች ማስታወቂያቸው በኤር አሜሪካ ፕሮግራሞች መካከል እንዳይተላለፍ መጠየቃቸው ታወቀ። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ስለ ኮርፖሬሽኖች ስግብግብነት የሚናገር አቅራቢ ንግግሩን አቁሞ የኮርፖሬሽን ማስታወቂያ ማንበብ አለበት።

የቀኙ ሬዲዮ ይህን ቅራኔ በሁለት መንገድ አልፎታል። አንደኛ፣ ወርቅ፣ የምግብ ማሟያ፣ ኢንሹራንስና የመሳሰሉትን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡ ደንበኞች አሉት፤ አቅራቢው ራሱ ሲያወድሳቸው የሚያምነው አድማጭ ይገዛል። ሁለተኛ፣ ሄሪቴጅ ፋውንዴሽንን የመሰሉ የፖለቲካ ተቋማት ሊምቦንና ሾን ሃኒቲን ስፖንሰር አድርገዋል። ይህ ንጹሕ ገበያ አይደለም፤ ለሐሳቡ ሥርጭት በፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የግራው ባለጸጋ ለዚህ የዘገየ ይመስለኛል።

በ2012 ሊምቦ አንዲት የሕግ ተማሪን በአየር ላይ ሲሰድብ ዘመቻ ተነሣበትና አስተዋዋቂዎች ሸሹ። ያኔ 98 ድርጅቶች አወዛጋቢ ከሆኑ ፕሮግራሞች እንዲርቁ መጠየቃቸው ተዘገበ። ለሊበራሎች ድል ይመስል ነበር። ነገር ግን ፖለቲካን የሚሸሽ አስተዋዋቂ የሚሸሸው ከሁለቱም ነው። ትልቁ ዛፍ ይህን ንፋስ ሲችለው ችግኙ ተነቀለ።

አድማጩ የት ሄደ?

የሊምቦ አድማጭ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ቀን መኪና ወይም ሱቅ ውስጥ የሚውል ወንድ። የዲሞክራቶች መራጭ ግን ብዙ ቤት አለው። ጥቁሮች የራሳቸው ጣቢያዎችና ተናጋሪዎች አሏቸው። የላቲን አሜሪካ ተወላጆች በስፓኒሽ ያዳምጣሉ። ወጣቱ ፖለቲካውን ከጆን ስቱዋርት ቀልድ ይሰማ ነበር። የተማረው የከተማ ሰው ደግሞ በ1970 የተቋቋመውን ኤንፒአርን ይከፍታል።

ኤንፒአር የዲሞክራቶች ልሳን አይደለም፤ የዜና ተቋም ነው። ሆኖም ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2014 እንዳሳየው አብዛኛው አድማጩ ከመሀል ወደ ግራ ነው። የኤር አሜሪካ እውነተኛ ተፎካካሪ ሊምቦ አልነበረም፤ ይህ ያለማስታወቂያ ጋጋታ፣ ያለጩኸት የሚመጣ ጥሩ ዜና ነበር። በጩኸት የማይረካን አድማጭ በጩኸት መሳብ ከባድ ነው።

ዛሬስ?

ዛሬ ራሱ ሬዲዮው ተዳክሟል። ኩሙለስ በ2017፣ የቀድሞው ክሊር ቻናል አይሃርትሚዲያ በ2018 ዕዳ ከብዷቸው የኪሳራ ጥበቃ ጠይቀዋል። የግራው ንግግር ደግሞ የሞገድ ፈቃድ ወደማይጠይቀው ፖድካስት ተሻገረ። በ2017 የኦባማ የቀድሞ ባልደረቦች የጀመሩት "ፖድ ሴቭ አሜሪካ" አድማጭም አስተዋዋቂም አግኝቷል። ሞገድ ሲቀር "ሊበራል አይሸጥም" የሚለው ብይንም ተናጋ። በሌላ በኩል ሐምሌ 2025 ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መለሰው። ትልልቅ ከተሞች በአድማጭ መዋጮ ሊቋቋሙት ይችላሉ፤ የገጠር ጣቢያዎች ግን አደጋ ላይ ናቸው።

እኔ ከዚህ የምወስደው የሚከተለውን ነው። ገበያ ስለ ሐሳብ እውነትነት አይፈርድም፤ የሚፈርደው ማን ለምን እንደሚከፍል ብቻ ነው። ሕግ የሞገዱን በር ሊከፍት ይችላል፤ የሚገባውን ሰው ግን አያሠለጥንም፣ አይቀልብምም። ሐሳቡ እንዲሰማለት የሚፈልግ ወገን መጀመሪያ ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ኪሳራ የሚችል ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኪሱ የሚያዋጣ አድማጭ ያስፈልገዋል። አድማጩ ካልከፈለ ሌላ ሰው ይከፍላል፤ የሚሰማውንም ያ የከፈለው ሰው ይመርጥለታል።